ዘግይታ የምታጨበጭበው

ጦር ኃይሎች ሰፈር ፌርማታው አጠገብ ባለው የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አንድ ሽማግሌ ለቤታቸው ሆም ቲያትር የድምፅ ማጉያ አምፕሊፋየር ይመርጣሉ። ቡናማ ኮታቸው በደንብ ተተኩሷል። ባርኔጣቸውን አውልቀው እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ከስፒከሮቹ ፊት ቆመዋል።

መዝገቡ የተባለው ሻጭ ቤዙን፣ ወፍራሙን ድምፅ፣ ከፍ አድርጎ የሱቁን መስታወት አንቀጠቀጠው። «አባባ፣ ይሄ ሰፈሩን ያስጨፍራል!»

«ሰፈሩ ይረፍ ልጄ። ይልቅ የእኔን ክፈትልኝ» ብለው ከመሀረባቸው ቋጠሮ ፍላሽ አወጡ።

የሰርግ ቪዲዮ ነው። ሴቶች እየዘፈኑ ያጨበጭባሉ፤ እልልታው እንደ ሐምሌ ዝናብ ይወርዳል። እሳቸው ግን የሚፈልጉት ከሁሉም ዘግይታ የምትመጣ አንዲት ጭብጨባ ነው።

«ባለቤቴ ናት» አሉ እየሳቁ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዘፈን አበላሽታብኛለች፣ ነፍሷን ይማርና! ቤዙ ሲበዛ ግን ትዋጣለች።»

ሁለት አምፕሊፋየር ተሞከረ። «የለችም» አሉ። መዝገቡም ሳቁን ዋጥ አድርጎ ሌላ ከመደርደሪያው ያወርዳል፤ ገመድ ይነቅላል፣ ይሰካል።

«ይቺ እንኳን አቅም የላትም አባባ» እያለ ትንሿን አምፕሊፋየር ከፈታት። ሴቶቹ እኩል አጨበጨቡ። ከዚያ፣ ሁሉም ዝም ካሉ በኋላ፣ አንዲት ለብቻዋ፦ ጧ!

«መጣች! እሷን እሸግልኝ!»

ዘፈኑ ሲቀጥል በሱቁ ያለው ገበያተኛ ሁሉ አብሮ ማጨብጨብ ጀመረ፤ መዝገቡም ጭምር። ሽማግሌው ግን መዳፋቸውን ዘርግተው ጠበቁ። ሁሉም አጨብጭቦ ሲያበቃ፣ ከስፒከሩ ዘግይታ ከመጣችው ከእሷ ጋር እኩል አጨበጨቡ።