አሥራ አንደኛው ጥርስ

ልጅቷን ወደ ጋራዡ ያመጣኋት እኔው ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ የሠራሁትን የሚሰማ ሰው ከመጀመሪያው ጠላቷ የነበርኩ እንዳይመስለው ብዬ ነው። አባቷ የልብ ጓደኛዬ ነው። ለንደን እንደገባን ብሪክስተን ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ተጋርተን ኖረናል። ደህና ካፖርት የነበረን አንድ ብቻ ስለሆነ ቀጠሮ ያለው ይለብሰዋል፣ ሌላው ቤት ይቀመጣል። እሷ ስትወለድ ሆስፒታል ድረስ ሄጄ አቅፌያታለሁ። ያቺ ሕፃን አድጋ፣ የከባድ መኪና ኤሌክትሮኒክስ ተምራ ሥራ ስትፈልግ አባቷ ደወለልኝ። እኔም አለቃዬን ‹‹ልጄ ማለት ናት፣ እስቲ ሞክራት›› አልኩት። ሦስት ወር የሙከራ ጊዜ ሰጣት።

ጋራዡ ሰሜን ለንደን፣ ኤድመንተን ነው፣ ከመጋዘኖቹ ጀርባ። አለቃዬ የቆጵሮስ ሰው ነው፤ ሲናደድም ሲደሰትም እኩል የሚጮኽ፣ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ በር የሚገባ ሰው። እኔን በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። ‹‹ማስቶራ›› ነው የሚለኝ፤ በእነሱ ቋንቋ የእጅ ሥራ ጌታ፣ ዋና ባለሙያ እንደማለት ነው። ብዙ ሠራተኛ መጥቶ ሄዷል፣ ሌላ ሰው ግን በዚያ ስም ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያ ግቢ ማስቶራ አንድ ነበር፣ እሱም እኔ ነበርኩ። አገር ቤት ያጣሁት ብዙ ነገር አለ፤ ይህችን አንዲት ቃል ግን እዚህ አግኝቻለሁ ብዬ እጽናና ነበር።

የእኔ ሥራ ዲፍረንሻል ነው። በከባድ መኪና የኋላ አክሰል ሆድ ውስጥ ሁለት ጥርሳም ብረቶች አሉ። ትንሹ ከሞተር የመጣውን ዙር ለትልቁ ያቀብላል፣ ትልቁ ደግሞ ለጎማዎቹ። ትንሹን ፒኞን፣ ትልቁን ኮሮና እንላቸዋለን። ከጣልያን የቀረ ስም ነው። ዓለም ኮሮናን በበሽታ ከማወቁ በፊት እኛ መካኒኮች በግራሶ እናውቀው ነበር። ሥራውን አዲስ አበባ ያስተማሩኝ ሽማግሌ አንድ የማይለወጥ ሥርዓት ነበራቸው። ማንኛውም ጥርስ አክሰል ውስጥ ከመግባቱ በፊት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ መጀመሪያው ጥርስ ላይ በቾክ ምልክት ይደረጋል፤ ድምፅ አውጥቶ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ የተናገርከው ቁጥር የአንተ ቃል ነው። ለንደንም መጥቼ እንደዚያው ነው የምሠራው፤ አንድም ቀን ቁጥሬ ተሳስቶ አያውቅም።

እሷ ላፕቶፗን ይዛ መጣች። አሁን የሚሠሩት መኪናዎች ፍጥነታቸውን የሚያውቁት ካምቢዮው፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑ፣ ጫፍ ላይ በተተከለ መቁጠሪያ ነው። መቁጠሪያው ከእሱ ወደ ኋላ ያለውን አያይም። እኔ አክሰሉ ውስጥ የጥርሱን ቁጥር ስቀይር ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የድሮውን ነው፤ ስለዚህ አዲሱ ቁጥር ካልተነገረው መኪናው በአርባ እየሄደ ሃምሳ ነኝ ይላል። ድሮ ለዚህ ሥራ መኪናውን ወደ ሌላ ቦታ ልከን ቀናት እንጠብቅ ነበር። እሷ ግን ጋቢና ውስጥ ገብታ፣ ገመዷን ሰክታ፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ትጨርሰዋለች።

ቀናሁ። ሌላ ስም ልሰጠው ብዙ ሞክሬ ነበር፤ ድካም ነው አልኩ፣ ዕድሜ ነው አልኩ፣ የዘንድሮ ብርድ ነው አልኩ። ቅናት ነበር። እኔ ሁለት ቀን ሙሉ በጀርባዬ ተኝቼ ዘይት እየተንጠባጠበብኝ የሠራሁትን፣ እሷ ደረቅ ወንበር ላይ ተቀምጣ በጣቷ ትቋጨዋለች። ባለመኪናዎቹ ድሮ እግሬ ሥር ቆመው ‹‹እንዴት ነው? ደረሰ?›› ይሉኝ ነበር። አሁን የጋቢናው በር ላይ ተሰብስበው የእሷን ስክሪን ያያሉ። ምሳዋን ቆማ መብላቷ አስጠላኝ። ስትሠራ ማፏጨቷ አስጠላኝ። ትናንሽ ንጹሕ እጆቿ አስጠሉኝ፤ የእኔ ጥፍር ውስጥ የገባው ጥቁር በየትኛውም ሳሙና አልለቅ ካለ ስንት ዓመቱ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን አንድ ጠዋት የሆነው ነው። አለቃዬ ከቢሮው በር ላይ ሆኖ ‹‹ማስቶራ!›› ብሎ ተጣራ። እንደ ልማዴ መፍቻዬን አስቀምጬ፣ እጄን በጨርቅ እየጠረግኩ ብድግ አልኩ። እሱ ግን በእጁ እንድቀመጥ ምልክት ሰጠኝና ‹‹አንተን አይደለም›› አለኝ። እሷን ነበር የጠራው። እየሣቀች ሄደች። እኔ መሬት ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩና ቀድሞ የጠበቀውን ቡሎን ደግሜ ሳጠብቅ ቆየሁ።

አባቷ እሑድ እሑድ ይደውላል። ‹‹እንዴት ናት ልጅህ?›› ይለኛል፤ ልጅህ ነበር የሚላት። ‹‹ደህና ናት፣ ገና ትማራለች›› እለዋለሁ። ከዚያ በላይ የምስጋና ቃል ከአፌ አይወጣም ነበር። እሱ ደግሞ ክብር ትሰጠኝ እንደሆነ ይጠይቀኛል፤ ‹‹ታከብርሃለች አይደል? ትልቅ ሰው የነገረሽን ደግመሽ አታጣሪ ብዬ ነው ያሳደግኳት›› ይለኛል።

የሙከራ ጊዜዋ ሊያበቃ የመጨረሻው ሳምንት ሲገባ አንድ ገልባጭ መጣ። ኤሌፋንት ኤንድ ካስል አካባቢ የድሮዎቹ ትላልቅ የመንግሥት ቤቶች ሲፈርሱ ፍርስራሹን የሚያመላልስ መኪና ነው። ቀድሞ ሀገር አቋራጭ ስለነበር ጥርሱ ለፍጥነት የተሠራ ነው፤ ባለቤቱ ለጭነት የሚሆን ጉልበተኛ ጥርስ እንዲገባለት ፈለገ። አለቃዬ ለልጅቷ የነገራትን ሰምቻለሁ፤ ‹‹ይህን በደንብ ከጨረስሽ ዓርብ ቋሚ ትሆኛለሽ›› ብሏታል።

አዲሱ ጥርስ ጠዋቱን ሙሉ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ ነበር። እንደ ሥርዓቴ ቾክ አድርጌ ሁለት ጊዜ ቆጠርኩት። ኮሮናው ሠላሳ ሰባት፣ ፒኞኑ አሥር። ከካርቶኑ ጋር የመጣችው ትንሽ ወረቀትም ያንኑ ትላለች፤ አጥፌ የቱታዬ ኪስ ውስጥ ከተትኳት። ከሰዓት በኋላ አክሰሉን ዘግቼ የመጨረሻዎቹን ቡሎኖች ሳጠብቅ መጣችና መኪናው ሥር ካለሁበት አጠገብ በርከክ አለች።

‹‹ሶሪ ጋሼ፣ ላስቸግርዎ ነው። ኮምፒውተሩን አፕዴት ላደርገው ነው። ሬሾው ስንት በስንት ነው?››

‹‹ትልቁ ሠላሳ ሰባት›› አልኳት።

‹‹ትንሹስ?››

ፊቷን ከታች ወደ ላይ አየሁት። የአባቷ ፊት ነው፤ ያንኑ ሰፊ ግንባር ወስዳለች። ለመናገር ጊዜ አልወሰደብኝም። አስቤበት ነበር ብል እዋሻለሁ፣ አላሰብኩበትም ብልም እዋሻለሁ። ‹‹አሥራ አንድ›› አልኳት።

መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈችው። ሌላ ኤሌክትሪሺያን ቢሆን፣ ድሮ መኪናውን የምንልክለት እንግሊዛዊ ቢሆን፣ ወረቀቱን አሳየኝ ይለኝ ነበር፤ አለዚያም ጎማውን ራሱ አዙሮ ያረጋግጥ ነበር። ሥራው የሚጠይቀው እሱን ነው፣ ትምህርት ቤትም የተማረችው እሱን ነው። ግን ጋሼ ቆጥሮታል። ጋሼ የቆጠረውን ደግሞ መቁጠር ውሸታም ነህ ማለት ነው፤ እንደዚያ ነው ያሳደጓት። ‹‹ቴንክ ዩ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ›› ብላኝ ወደ ጋቢናው ወጣች። ከላይ ስታፏጭ ሰማኋት።

በማግስቱ መኪናው የፍጥነት መዝገቡን አስተካክለው ወደሚያሽጉት ሰዎች ሄደ። እነሱ ጎማውን በሚሽከረከር ብረት ላይ አቁመው እውነተኛውን ፍጥነት ይለካሉ። ከምሳ በፊት ደወሉ። አለቃዬ ስልኩን ዘግቶ ሲወጣ ድምፁ ግቢውን አናወጠው። ኮምፒውተሩ የተነገረው ቁጥርና አክሰሉ አይገናኙም ብለው ሥራውን መልሰውታል። ባለመኪናውም እዚያው ቆሟል፣ የሥራ ቀኑ ተበላሽቶበታል።

‹‹ማነው ጥርሱን የቆጠረው?›› አለ።

መፍቻ ይዤ ቆሜ ነበር። እሷ አንድ ጊዜ ብቻ ዞር ብላ አየችኝ።

‹‹እኔ ነኝ›› አለችው በእንግሊዝኛ። ‹‹እኔ ነኝ የቆጠርኩት። ተሳስቼ ነው፣ ይቅርታ።››

እኔ ዞሬ ቡሎን ማጥበቅ ጀመርኩ። ላፕቶፗን አንጠልጥላ ሄደች። እነሱ የለኩትን ከእሷ ቁጥር ጋር አስተያይታ ፒኞኑ አሥር መሆኑን ራሷ ደረሰችበት፤ ሩብ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ አስተካክላው ተመለሰች። ዓርብ ሲመጣ ቋሚ አልሆነችም። ሌላ ሦስት ወር ሙከራ ተጨመረባት። አለቃዬ በዚያ ቀን ‹‹ማስቶራ!›› ብሎ ሲጣራ ማንን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገም። ደስ አለኝ ብዬ ልናገር፤ ሰው ጉዱን ከተናገረ አይቀር ሙሉውን ነው። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር።

ምሳ ላይ ግን አላስቀምጥ አለኝ። ጎማ ተደግፋ ቆማ ሳንድዊቿን ስትበላ አጠገቧ ሄድኩ። ‹‹ለምንድነው እኔ ነኝ ያልሽው?›› አልኳት። ዐውቃብኛለች ብዬ ነበር። እንድትሰድበኝ፣ ለአባቴ እነግራለሁ እንድትለኝ ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት።

‹‹አይ ጋሼ፣ ምንም አይደል›› አለችኝ። ‹‹እኔ ብሳሳት አዲስ ናት ይላሉ፣ ኢትስ ፋይን። እርስዎ ተሳሳቱ ከተባለ ግን…›› አቋረጠችና ሳንድዊቿን ጠቀለለች። ‹‹ዳዲ እኮ ባስ ሲነዳ የዓይን ቴስት ፌይል አድርጎ ለእኛ እንኳን ሳምንት ሙሉ አልነገረንም። ማታ ማታ ዝም ብሎ ይቀመጥ ነበር። አይ ኖው ሃው ኢት ኢዝ፣ ይገባኛል። ዓይን ሲደክም የማንም ጥፋት አይደለም፤ ለማንም አልናገርም።››

አርጅቷል ብላ ነው። አሥርን ከአሥራ አንድ መለየት የማይችል፣ ዓይኑ የፈዘዘ ሽማግሌ ነው ብላ ነው ሥራዋን ለእኔ የሰጠችው።

ያኔ ገና ሃምሳ አልሞላኝም ነበር። ‹‹ዓይኔ ደህና ነው›› የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ዓይኔ ደህና ከሆነ አሥራ አንድ ያልኩት ለምንድነው? ወረቀቷ አሁንም ኪሴ ውስጥ ነበረች፤ በቱታዬ ላይ በእጄ ደበስኳት። አውጥቼ ባሳያት የቆጠራ ስሜን አስመልሳለሁ፣ ሰው መሆኔን ግን አጣለሁ። ‹‹ተባረኪ ልጄ›› አልኳትና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

በሚቀጥለው ሰኞ አንዲት ትንሽ ሣጥን ጠረጴዛዬ ላይ አገኘሁ። የማንበቢያ መነጽር ነው፤ ብሪክስተን ከሰፈሯ ፋርማሲ የገዛችው። ‹‹ይሞክሩት ጋሼ›› አለችኝ። አደረግኩት። ጠረጴዛው ላይ ያለው ጥርስ ሁሉ እርስ በርሱ ተደባለቀብኝ።

‹‹አሁንስ ይታይዎታል?››

‹‹ይታየኛል›› አልኳት።

ሁለተኛው ሦስት ወር ሲያልቅ ቋሚ ሆነች። አለቃዬ ማስቶራ ብሎ ሲጣራ አሁን ሁለታችንም ቀና እንላለን። እኔ ግን እስከ ዛሬ ያንን መነጽር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ነው የምሠራው። አዲስ ጥርስ ሲመጣ ማንም ሳያየኝ በባዶ ዓይኔ ሁለት ጊዜ እቆጥረዋለሁ፤ ከዚያ መነጽሩን አድርጌ እንደገና የምቆጥር እመስላለሁ፤ ከዚያ ቁጥሩን እነግራታለሁ። ‹‹ቴንክ ዩ ጋሼ›› ትለኛለች። እጄን ለመታጠብ ወደ ኋላ ክፍል እሄዳለሁ። ገና ከመግባቴ ቾኩን ስታነሣ እሰማለሁ፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እኔ እንዳልሰማት ተጠንቅቃ፣ የቆጠርኩትን ከአንድ ጀምራ ትቆጥራለች። እስክትጨርስ ድረስ ቧንቧውን አልዘጋም።