የውጫሌ ወሬ

ሐይቅ ከተማ መግቢያ ኬላው ላይ አውቶቡሳችን ለፍተሻ ቆሞ ሁላችንም ወረድን። መንገዱ ዳር አንድ ቁምጣ የለበሰ ሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ሸራ ጫማው ተሰፍቶ ተሰፍቶ መልኩ ጠፍቷል፤ እጆቹ ልብስ ሲያጥብ እንደከረመ ሰው ተልጠዋል።

"ለአብዮት በዓል ከወልድያ ደሴ ድረስ ሊሮጥ የሚለማመድ ነው" አለኝ ፈታሹ ወታደር።

ሰውየው ቀና ብሎ አየኝ። "ከውጫሌ ነው የመጣኸው ወንድሜ?"

"አዎ።"

"ማሽላው እንዴት ሆነ?"

"ወገብ ደርሷል።"

"የገበያውን ዋርካ ነፋስ ጣለው ሲሉ ሰማሁ።"

"ቅርንጫፉ ነው የወደቀው፤ ግንዱ አለ።"

ለፈተና እንደሚያጠና ሰው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ደገመው።

"ለባለቤቴ ለዘምዘም ነው" አለ። "አገሯ ውጫሌ ነው። ልቧን ካመማት ወዲህ ደጅ አትወጣም። ሩጥ ያለችኝም እሷ ናት። ስመለስ የት እንደደረስኩ፣ ምን እንዳየሁ ትጠይቀኛለች። ትናንት ትንፋሽ ሲያጥራት ደግፌያት አደርኩ፤ ዛሬ ውጫሌ ደርሼ እመለሳለሁ ብያት ወጥቼ፣ ወላሂ ጉልበቴ ከዚህ አላልፍ አለኝ።"

"ታዲያ እውነቱን ብትነግራትስ?"

"በእኔ የተነሳ ቀረ ብላ ታዝናለች። ሐኪሙ ደግሞ ሐዘን አታሳዩአት ብሏል።"

ፍተሻው አልቆ ልንሳፈር ስንል፣ ጉልበቱን በሁለት እጁ ተደግፎ ተነሣ።

"ሳያልበኝ ከገባሁ ታውቅብኛለች" አለና፣ መጀመሪያ እያነከሰ፣ ኋላ ግን እግሩን እያፍታታ ወደ ቤቱ መሮጥ ጀመረ።