ቀለም የነካው ውሃ

ባለፈው ሰሞን አዲስ የገዛሁትን ጥቁር ሰማያዊ ሻሽ ሳፋ ውስጥ ነከርኩት። ቀለሙ ወዲያው ለቀቀ። ከውሃው የተነሳው ብረት ብረት የሚል ሽታ እጄን እንደነከርኩ አስቀረኝ። ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር ያለው ግቢያችን፣ ከዚያም ኤዶ ኸድራ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ።

ኤዶ በሶማልኛ አክስት ማለት ነው። የሥጋ ዘመዳችን አልነበረችም። አባቴ ባቡር ጥገና ሠራተኛ ነበር፤ እሷ የግመል ወተት ትሸጣለች፤ እኛ ከግቢዋ ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ድሬ ውስጥ አንቱታ ብዙም ስለማይታወቅ ትልቁም ትንሹም አንቺ ይላታል። ግቢው መሀል ሟቹ ባሏ የቆፈረው ጉድጓድ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ በላምባ ቆርቆሮ እየቀዳ ይሄዳል፤ እሷ ጥላ ሥር ተቀምጣ ቀጂውን ሁሉ ትመርቃለች። ቀትር ላይ ከተማው በሙቀት ፈዝዞ ሲተኛ፣ ከጉድጓዱ አፍ የሚወጣው ቀዝቃዛ አየር ፊቴን ሲዳብሰኝ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

ከሰፈራችን ከፍ ብሎ የጨርቅ ማቅለሚያ ሲከፈት ልጅ ነበርኩ። እጣቢው በደረቁ ወንዝ አሸዋ ላይ ይፈስ ጀመር፤ አንድ ቀን ቀይ፣ አንድ ቀን ሰማያዊ፣ አንድ ቀን ወይን ጠጅ። እኛ ልጆቹ ዛሬ ምን ዓይነት ይመጣ ይሆን እያልን እንጠብቀዋለን። ሴቶቹም የነተበ ሻሻቸውን ይነክሩበት ነበር። አንድ ሰሞን የሰፈሩ ሴት፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ወይን ጠጅ ሻሽ አስሮ ገበያ ሲወጣ የሠርግ አጃቢ ይመስል ነበር።

ከዚያ የጉድጓዱ ውሃ ብረት ብረት የሚል ሽታ አመጣ። ኤዶ ኸድራ እየቀመሰች ትተፋለች፤ ለማንም ግን አልተናገረችም። ያረገዘች ፍየሏ ሞታ ስትገኝ፣ ታናሽ ወንድሜም ሆዱን ታሞ ሲተኛ፣ አንድ ጠዋት የመቅጃውን ገመድ በቢላ ቆረጠችው።

«ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ የሚቀዳ የለም።»

አባቴ ከሥራ ሲመለስ ሰምቶ ተቆጣ። «ኤዶ፣ ለምን ትዘጊዋለሽ? ማቅለሚያውን እንከሳለን እንጂ!»

«ክሰስ አቦ፣ ማን ከለከለህ? እስኪፈረድልህ ልጅህ ምን ይጠጣል?»

አባቴ ክስ ሊያጽፍ ወጣ። እሷ ድንጋይ መሸከም ጀመረች። እናቴ ልታግዛት ስትጠጋ በእጇ መለሰቻት። ጉድጓዱን ብቻዋን ሞላችው። የመጨረሻውን ድንጋይ አስቀምጣ መዳፏን ላዩ ላይ አሳረፈችና፣ በሶማልኛ ለባሏ የሆነ ነገር ነገረችው። ምን እንዳለችው አልገባኝም፤ እናቴ ግን ቋንቋውን ሳታውቅ አለቀሰች።

በማግስቱ ማገዶ ጭነው የሚመጡትን ባለግመሎች ጠየቀቻቸው። ከማቅለሚያው በላይ፣ አሸዋውን ቆፍረው ግመሎቻቸውን የሚያጠጡበትን ቦታ አሳዩአት። ከዚያ በኋላ ጎህ ሲቀድ ሴቶቹን አስከትላ ትወጣ ነበር። እኔም ከእናቴ ጋር እሄዳለሁ። ወይን ጠጁ ሻሽ ሁሉ በነጩ አሸዋ ላይ ተሰልፎ ይሄዳል፤ ከኋላችን የባቡሩ ፉጨት ይሰማል። ኤዶ ኸድራ ተንበርክካ በጣሳ አሸዋውን ትምሳለች፤ እኛ ዙሪያዋን ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። መጀመሪያ አሸዋው ይጠቁራል። ከዚያ ውሃው ቀስ እያለ ይመጣል፤ ሰማዩም አብሮት ይመጣል። መጀመሪያ የምትቀምሰው እሷ ናት። ካልተፋችው ሁላችንም እንስቃለን።

ወንድሜ ዳነ። ከላይ ከደጋው ጎርፍ በመጣ ቁጥር አሸዋው ላይ የማሰችውን ጉድጓድ ይደፍነዋል፤ እሷም ውሃው እስኪጎድል ጠብቃ እንደገና ትቆፍራለች። ክሱ የት እንደደረሰ አባቴም አላወቀም። ከዓመታት በኋላ ቧንቧ ገባ፤ ማቅለሚያውም ተዘጋ። ኤዶ ኸድራ በእርጅና አረፈች። ልጅ አልነበራትም።

ዘንድሮ ድሬ ሄጄ ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ተማሪ ለሹፌሩ «ኸድራ ጋ ወራጅ አለ» አለችው።

«ኸድራ ማናት?» አልኳት።

«ሰው አይደለችም» አለችኝ እየሳቀች፤ «ሰፈር ነው።»