ኃላፊው ያነሡት ድንጋይ

ካቻምና፣ መስቀል እንዳለፈ የሆነ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ እየነገርኋት የልጅ ልጄ ትጽፈዋለች። ያን ዕለት ያየሁት የሰው ድካም እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ቀበሌያችን ጣና ዳር ነው፤ ከባሕር ዳር በጀልባ ነው የሚኬደው። መምህር መጥቶ አይበረክትልንም ነበር። ባሕር ዳር ያሉት የትምህርት ኃላፊ ግን ራሳቸው በጀልባ እየተመላለሱ፣ የሚሸሸውን መምህር እየመለሱ ትምህርት ቤታችንን አቆሙት። ወላጆቻቸው ለፋብሪካ ሥራ ከሩቅ አገር የመጡ ናቸው፤ እሳቸው ከተማ ነው ያደጉት።

አንድ ቀን በወላጅ ስብሰባ፣ ልጆቹን በትምህርት ሰዓት ዓሣ ማስገር አትውሰዱብኝ አሉ። ልጄ ዓሣ አስጋሪ ነው። ብድግ አለና፣ «ልጅ ያልወለደ ስለ ልጅ አይምከረን» አላቸው።

እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም፤ አገሩ ሁሉ ያውቃል። ኃላፊው ከስብሰባው ተነሡ። ጀልባቸው ላይ ወጥተው ሄዱ።

ብዙም ሳይቆይ ኃላፊነቱን ልተው ብለው ጠየቁ ሲባል ሰማን። መምህራኑም እሳቸው ከሌሉማ ብለው ዕቃቸውን መሸከፍ ያዙ። ልጄን ሂድና እግራቸው ላይ ውደቅ ስለው፣ አፍሮ አንገቱን ደፋ። እኔው ሄድሁ።

ሁለት ጎረቤቶቼን አስከትዬ ባሕር ዳር ቢሯቸው ደረስሁ። ከግቢው ድንጋይ አንሥቼ በትከሻዬ ተሸክሜ በራቸው ላይ ተንበረከክሁ። በኛ ወግ ይቅርታ የሚለመን እንዲህ ነው። የተበደለው ሰው ድንጋዩን ካነሣልህ ምሮሃል፣ የለመንኸውንም ሰጥቶሃል ማለት ነው።

ኃላፊው ሲወጡ ደነገጡ። ስለ ልጄ ይማሩኝ፣ ትምህርት ቤቱንም ጥለውብን አይሂዱ አልኋቸው። ገና ሳልጨርስ ሮጠው መጡና ድንጋዩን ከትከሻዬ አንሥተው መሬት አኖሩት። ጎረቤቶቼ እልል አሉ።

ኃላፊው ወጋችንን አያውቁምና ግራ ገባቸው። የበሩ ዘበኛ ጠጋ ብሎ፣ «ጌታዬ፣ አነሡት እኮ። እንግዲህ እሺ ብለዋል» አላቸው።

«እናቴ፣ እኔ ያነሣሁት ለወገብዎ አዝኜ ነው» አሉኝ።

«ለአሮጊት ወገብ ያዘነ ለሕፃናቱ አያዝንም?» አልኋቸው።

ሳቅ አሉ፤ ሳቁ ግን ወዲያው ጠፋ። በረንዳው ላይ አጠገቤ ቁጭ አሉ። «ልጅዎን ይቅር ብያለሁ፤ በሱ ምክንያት አይደለም የምሄደው። የሸሸ መምህር ስመልስ፣ ላፈሰሰ ጣራ ቆርቆሮ ስለምን ዕድሜዬ አለቀ። ደክሞኛል፣ እናቴ።»

ድንጋዩን አየት አደረጉና፣ «እሺ፣ ይህችን ዓመት» ብለው ተነሡ።

ቃላቸውን ጠበቁ። ይህች የምትጽፍልኝ ልጅም በዚያች ዓመት ስምንተኛን አለፈች። ዓመቱ አልቆ ኃላፊው ሲሄዱ የመንደሩ ሴቶች እንደገና ሄደን እንለምናቸው አሉኝ። ተዉአቸው፣ ይረፉበት ብዬ እምቢ አልሁ።

አሁን ትምህርት ቤቱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። ሴቶቹ ይወቅሱኛል፤ እውነት አላቸው። ደክሞኛል ያለኝን ሰው ሁለተኛ መለመን ግን አንደበቴ እምቢ አለኝ።