ሐጂ በርነሩ ፊት የጠየቁኝ

ባለፈው ሰሞን ጀማል ቤቴ መጣ። አባቱ፣ መንገድ ዳር ያለው ልብስ ማጠቢያ ቤት ባለቤት ሐጂ፣ ከሞቱ ገና ሳምንት አልሞላቸውም። በእኛ በከሚሴ ወግ ነው፤ ሟች የሰው ሐቅ ተሸክሞ እንዳይቀር ቤተሰቡ በየበሩ እየዞረ አፉታ፣ ማለትም ይቅርታ፣ ይለምናል።

«አዮ» አለኝ፣ እናቱን እንደሚጠራ። «አባቴን አፉ ይበሉልኝ። ሊሞት ሲል ስምዎን አንስቷል።»

«ለምን እንዳነሱኝ ነገሩህ?»

«አልነገረኝም።»

ያኔም አልተናገሩትም ማለት ነው። ውሃ ቀዳሁለት። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ልጁ ምንም አላጠፋም። እኔ ግን ይህን ያህል ዘመን ሰግጄ፣ ጾሜ፣ ልጆች ወልጄ ድሬም ቁጣዬ የትናንት ነበር።

ነገሩ የሆነው የቴክኒክ ትምህርቴን ጨርሼ ጋሽ መኮንን ዘንድ ሥራ እለማመድ በነበረበት ጊዜ ነው። ጋሽ መኮንን የኮምቦልቻ ሰው ናቸው፤ ቦይለር ይተክላሉ፣ ይጠግናሉ። ሐጂ ያን ልብስ ማጠቢያ ቤት ሊከፍቱ ነበር፤ የሆቴል አንሶላና የሹፌሮች ልብስ የሚታጠብበት። ውሃውን የሚያፈላው ቦይለር በናፍጣ ይሠራል። ናፍጣውን እየረጨ የሚያነደው ክፍል በርነር ይባላል። አሮጌ ነበር፤ ከሌላ ቦታ ተነቅሎ የመጣ። ሐጂ ሴት ልጅ ቦይለር ቤት መግባቷን አልወደዱትም። አባቴን ስለሚያውቁት ብቻ ዝም አሉ።

የእኔ ሥራ ጭስ ማየት ነበር። ጋሽ መኮንን ከውስጥ የአየሩን መግቢያ ያጠባሉ፣ ያሰፋሉ። እኔ ጓሮ ቆሜ፣ ጭስ ማውጫውን አንጋጥጬ እጮሃለሁ።

«ጥቁር ነው ጋሼ!»

«አየር አንሶታል። አሁንስ?»

«ነጣ!»

«በዛበት። ዓይንሽን እንዳትነቅዪ፣ አንቺ የጭስ ሙሽራ!»

ጥቅምት ነበር። ከጨፋ ሜዳ የእርጥብ ሣር ሽታ ይመጣል፤ የማሽላው ዛላ መቅላት ጀምሯል፤ በአስፋልቱ ዳር ግመሎች ወደ ሰንበቴ ገበያ ይነዳሉ። ያን ጓሮ እወደው ነበር።

የመክፈቻው ቀን ዱዓ ተጠራ። በእኛ አገር አዲስ ሥራ ያለ ዱዓ አይጀመርም፤ ደስ የሚለኝም ነገር ነው። ፍየል ታርዶ፣ ሩዝ በትልቅ ድስት ተጥዶ፣ የሥጋው ሽታ ከናፍጣው ጋር ተደባልቆ ግቢውን ሞልቶታል። ሽማግሌዎቹ ነጭ በነጭ ለብሰው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ አባቴም አብሯቸው አለ። ሐጂ አንድ ነገር አማራቸው፤ ሸሁ ዱዓውን ጨርሰው «አሚን» ሲባል፣ በዚያው ቅጽበት እሳቱ እንዲያዝ።

በርነር እንዲህ አይሆንም። መጀመሪያ ማራገቢያው ብቻውን ይሠራል፤ ምድጃው ውስጥ የቀረ የናፍጣ ጋዝ ካለ ጠርጎ ያወጣል። ከዚያ ነው ናፍጣው የሚረጨው፣ ብልጭታውም የሚመጣው። ጠዋት ስንሞክረው ደግሞ እሳቱ እምቢ ብሎ ናፍጣው ምድጃው ውስጥ ተጠራቅሞ ነበር።

«መጠረግ አለበት ሐጂ፣ ትንሽ ይታገሱን» አሉ ጋሽ መኮንን።

«ሸሁ እጃቸውን አንስተው ማራገቢያ ይጩህባቸው? አሚን እየተባለ ነው እኮ! ለኩሰው!»

ጋሽ መኮንን አመነቱ። ከዚያ ለኮሱት።

እኔ ጓሮ ነበርኩ። ድምፁ ደረቴን መታኝ። የምድጃው በር ተነቅሎ ወጣ፤ ጥላሸቱ በሽማግሌዎቹ ነጭ ጀለቢያ ላይ ወረደ። ሮጬ ስገባ ጋሽ መኮንን ቅንድባቸው ተቃጥሎ፣ እጃቸው ተልጦ፣ ግድግዳ ተደግፈዋል። አልሐምዱሊላህ፣ ሰው አልሞተም።

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። አባቴ፣ ሸሁ፣ ሠፈሩ ሁሉ እየሰማ።

«ኢንታላ» አሉኝ፣ በኦሮምኛ አንቺ ልጅ ለማለት፤ «ዛሬ ንጹሕ ነሽ?»

ሴት የሆነች ሁሉ ምን እንደጠየቁኝ ታውቃለች። በወር አበባዬ ገብቼ የዱዓውን በረካ አባረርኩ ማለታቸው ነው። «ኧረ ነውር ነው» ያለ ሰው አልነበረም። ሸሁ መሬት መሬት አዩ። አባቴ አንገቱን ደፋ።

የተናገሩት ጋሽ መኮንን ብቻ ናቸው።

«ልጅቷን ይተዋት። እርስዎ ቸኮሉ፣ እኔ እሺ አልኩ። ጥፋቱ የሁለታችን ነው።»

«አንተ ዝም በል! ሴት ይዘህብኝ መጥተህ!»

በማግስቱ ጋሽ መኮንን እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ቤታችን መጡ። «እሷ ካልመጣች በርነሩን አልነካም፤ ሐጂንም ነግሬያቸዋለሁ» አሉት አባቴን።  አባቴ ዱላውን አነሳ።

«ተነሺ፤ እኔም እመጣለሁ» አለኝ።

ምድጃው ውስጥ የቀረውን ናፍጣ በጨርቅ አደረቅሁ፤ የተነቀለውን በርም መልሰን ገጠምነው። ማራገቢያውን ለቀቅነው፤ እስኪበቃው ጮኸ። ቢስሚላህ ብዬ ለኮስኩ። ያዘ። ጭሱ እስኪጠራ አየሩን ቀስ እያልኩ አስተካከልኩ።

አባቴ ጓሮ ቆሞ ያንጋጥጣል። «ምንም አይታየኝም» አለ።

«እንደሱ ነው የሚፈለገው» አሉት ጋሽ መኮንን።

ሐጂ በዚያ ቦይለር ስንት ዘመን ሠሩበት። ያን ቃላቸውን ግን ተሳስቼ ነበር ብለው አላነሱም። ለትዳር ስጠየቅ እንኳ ያ ወሬ ቀድሞኝ ይደርስ ነበር። ጋሽ መኮንን ሙያውን ጨርሰው አስተማሩኝ፤ ልጆቼን ያሳደግሁት በእሱ ነው። እሳቸውን ስለሰጠኝ አላህን ሳላመሰግን የሰገድኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ይህን ሁሉ ለጀማል ነገርኩት። ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ሰደቃው መቼ ነው?» አልኩት።

«ጁምዓ።»

«ሰው በተሰበሰበበት፣ ‹አባቴ ያቺን ልጅ የበደሏት በሐሰት ነው› በል። እኔም እዚያው አፉ እላለሁ።»

«አዮ፣ የሞተ ሰው ነውር ይወራል?»

«የእኔ በቁሜ ተወርቷል።»

ጫማውን አጥልቆ ወጣ።

ይቅር ማለት ምንዳው ትልቅ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለልጆቼም ያስተማርኩት ይህንኑ ነው። ግን የተዋረድኩት በአደባባይ ነው፤ ነገሩ ሳሎኔ ውስጥ ብቻ እንዲያልቅ አልፈልግም። ጁምዓ እሄዳለሁ። ከሴቶቹ ጋር እቀመጣለሁ፤ ጆሮዬን ወደ ወንዶቹ ድንኳን አድርጌ፣ ጀማል ይናገር እንደሆነ እሰማለሁ።