የልጅ ልጄን ካርድ ያዞርኩ ጊዜ

ካርዱን በየሱቁ ያዞርኩት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገር። ልጄ ጥፋቱን በሰው ዓይን ስታመካኝ፣ ባሏ ደግሞ በአስጠኚዎቹ ሲያመካኝ ከርመዋል። እኔ ግን ከማን እንደመጣ አውቃለሁ።

መርካቶ ሸራ ሰፊ ነኝ። የጭነት መኪና ሸራ፣ የዕድር ድንኳን፣ ሱቅ በር ላይ የሚወጠር ጥላ ስሰፋ ኖሬያለሁ። አሁን ዓይኔ ስለደከመ አዲስ ሥራ አልቀበልም፤ የተቀደደ እጠግናለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ከወለድኩ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ቀበሌው አስገድዶኝ ነው። ቁጥር ግን ከዚያም በፊት አውቅ ነበር፤ ቁጥር የማያውቅ ሰው ሸራ አይቆርጥም። ስለዚህ የልጅ ልጄ ካርድ ሲመጣ የትምህርቶቹን ስም እየዘለልኩ ግርጌው ላይ ያለችውን ቁጥር አነብ ነበር። ከአንደኛ ክፍል እስከ ስምንተኛ ያቺ ቁጥር አንድ ነበረች።

ካርዱ በመጣ ማግስት በደረት ኪሴ ይዤው እወጣለሁ። የስፌት መኪናዬን ሳልገልጥ መጀመሪያ ጆንያ ሻጩ ጋ፣ ቀጥሎ ክር ሻጯ ጋ፣ ከዚያ ጥጉ ላይ ጭነት የሚጠብቁት ተሸካሚዎች ጋ እሄዳለሁ። ጆንያ ሻጩ የአርባ ዓመት ጎረቤቴ ነው። መነጽሩን ፈልጎ ካርዱን ከላይ እስከ ታች ያየዋል፣ "ማሻአላህ" ይላል፣ ሻይ ያዝዝልኛል። ልጅቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳዬን ይዛ ስትመጣ ተራው በሙሉ "አንደኛዋ መጣች" ይላታል። እንደ ስሟ ሆነ። ደስ የሚላት ይመስለኝ ነበር፤ ጠይቄያት ግን አላውቅም።

ስምንተኛን ስትጨርስ ጎበዝ ጎበዙን በፈተና እየመረጠ የሚያስተምር የሳይንስ ትምህርት ቤት ተቀበላት። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት መሳለሚያ ላይ ሰርቪስ ይወስዳታል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ይመልሳታል። ቅዳሜም ግማሽ ቀን ትማራለች። የቤት ሥራው ብዛት ሌላ ነው። ሚስቴ ካረፈች ጀምሮ የምኖረው ከልጄ ቤት ስለሆነ ሁሉንም በዓይኔ አይቻለሁ።

ልጄና ባሏ የፕላስቲክ ዕቃ ይሸጣሉ፤ ባልዲ፣ ሳፋ፣ ጀሪካን። እሷ አሥረኛ ላይ ያቋረጠች ናት፤ እሱ ገና በልጅነቱ ከአገር ቤት መጥቶ ንግድ የጀመረ ነው። ትምህርቱን ሊያግዟት አይችሉም፤ ስለዚህ በቀረው ሁሉ አገዟት። ስልኳ ሱቅ መሳቢያ ውስጥ ተቆለፈበት። ቴሌቪዥኑ ነጠላ ለበሰ። ለሒሳብ አንድ አስጠኚ፣ ለፊዚክስ ሌላ ተቀጠረላት። ጠዋት ዕንቁላል፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሶ፣ ከበሶው በላይ ተልባ። ሰሃን አታጥብ፣ ገበያ አትላክ፣ የአክስቷ ልጅ ሠርግ እንኳ አትሂድ ተባለ፤ የቀረላት ቅዳሜ ከትምህርት ስትመለስ ምሳዬን ማድረስ ብቻ ነው። ስታጠና እናቷ አጠገቧ ተቀምጣ ደብተሩን ታያለች። የምታየው አይገባትም፤ ግን ታያለች።

በመንፈቁ ካርዱ መጣ። ግርጌው ላይ ሠላሳ አንድ የሚል ቁጥር ነበረበት።

ልጄ ካርዱን ይዛ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ባሏ ቁጥሩ በስህተት የተጻፈ መሆን አለበት፣ ሄጄ እጠይቃለሁ አለ። ልጅቱ አልተሳሳቱም ብላ ወደ ክፍሏ ገባች። እኔ ካርዱን ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። በማግስቱ ሥራ ስገባ የደረት ኪሴ ባዶ ነበር።

ተራው ግን አይረሳም። ክር ሻጯ "ጋሼ፣ ካርዱስ?" አለችኝ። "ገና አልተሰጠም" አልኳት። ለጆንያ ሻጩም እንደዚያው፣ ለተሸካሚዎቹም እንደዚያው። ሽማግሌ ሰውዬ በአንድ ጠዋት ሦስት ጊዜ ዋሸሁ።

እቤት ደግሞ ልጄ ሌላ ነገር ይዛለች። ዓይን በልቷታል አለች። "አባዬ፣ ያንን ካርድ ለአገሩ ሁሉ ስታሳየው ነው። የማን ዓይን እንዳረፈበት ምን ታውቃለህ?" ራጉኤል ወስዳ ልታስጠምቃት አሰበች። ጸበል አይጎዳም፣ ውሰጃት አልኩ፤ ዓይን የሚባለውን ግን አልቀበልም አልኩ። በዚህ ተነታረክን። ባሏ ደግሞ ሦስተኛ አስጠኚ ለኬሚስትሪ ቀጠረ። ልጅቱ መብላት ቀነሰች፤ በሶው ሳይነካ ያድራል።

ሁለት ቅዳሜ ምሳዬን ሌላ ሰው አመጣልኝ። በሦስተኛው ራሷ መጣች፤ በተራው በኩል ሳይሆን በጀርባ፣ ጆንያ በተከመረበት ጠባብ መተላለፊያ ተሽሎክልካ። ሳህኑን አስቀመጠችና ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አወጣች። የጉብኝት ወረቀት ነው፣ ከቤተሰብ አንድ ሰው ይፈርምበታል፣ እናቴ ሥራ ስለሚበዛባት እርስዎ ይፈርሙልኝ አለችኝ። እስክሪብቶውን ከፍታ ሰጠችኝ።

ይህች ልጅ ከእናቷም ከአባቷም እኔን የመረጠችው ማንበብ ስለማልችል ነው። ቀስ ብዬ ካልሆነ በስተቀር አልችልምም። ግን ግትር ነኝ፤ ያላነበብኩት ላይ ፈርሜ አላውቅም። የቀበሌ ሰዎች ስንት ጊዜ ተቆጥተውኛል። መነጽሬን አድርጌ በጣቴ እየተከተልኩ ጀመርኩ። እሷ ቆማ ትጠብቃለች። ሦስተኛው መስመር ላይ "መልቀቂያ" የሚለው ቃል ላይ ደረስኩ። ከዚያ በታች ያለውን ማንበብ አላስፈለገኝም።

"ወዴት ነው የምትለቂው?" አልኳት።

ወደ ድሮው ትምህርት ቤቷ ልትመለስ ነበር። አላለቀሰችም። መሬት መሬት እያየች፣ ትምህርቱ ይከብዳል ግን እሱ አይደለም አለች። ከዚያ ያለችውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

"ክር ሻጯ ጠየቀችኝ። አያትሽ ካርዱ አልተሰጠም ብለውናል አለችኝ። አባባ፣ እርስዎ እንኳ አፈሩብኝ።"

ሸራውን ሳገላብጥ ቆየሁ። በመጨረሻ፣ ወረቀቱ አሥራ አምስት ቀን እኔ ጋ ይቆይ፣ ለማንም አልናገርም፣ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን አልኳት። እሺ አለች። በመጣችበት በጀርባ ተመለሰች።

በዚያው ሳምንት ትምህርት ቤቱ ወላጆችን ጠራ። ባልና ሚስቱ ዕቃ የሚገባላቸው ቀን ስለነበር እኔ እሄዳለሁ አልኩ። ልጄ "ምን ልትሰማ?" አለችኝ። ጆሮ አለኝ አልኳት።

ወላጆቹ ብዙዎቹ ኮትና ከረባት ያደረጉ ናቸው። የክፍሏ ኃላፊ ወጣት አስተማሪ ነው። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሠላሳ ስድስት ልጆች ሁሉም ከየትምህርት ቤታቸው አንደኛ ሆነው የመጡ ናቸው አለ። ሠላሳ ስድስት አንደኛ በአንድ ክፍል ሲገባ አንዱ የግድ ሠላሳ ስድስተኛ ይሆናል። ይህ ለእኔ ግልጽ ነው፤ ሸራ ቆራጭ ነኝ። እጄን አነሳሁ።

"ታዲያ ልጄ፣ ይህን ካወቃችሁ ቁጥሩን ለምን ትጽፉበታላችሁ?"

ከኋላዬ ሳቅ ተሰማ። አስተማሪው አልሳቀም። "አባቴ፣ ባንጽፈው ወላጅ ይጣላናል" አለ። ከዚያ ለሁላችንም ሲናገር፣ ልጆቹን ስንተኛ ወጣችሁ አትበሏቸው፣ በዚህ ሳምንት ያልገባህ ምንድን ነው በሏቸው፣ ያልገባቸውን መጥተው እኛን ይጠይቁ፣ እንቅልፍ ደግሞ አትከልክሏቸው አለ። አስጠኚ የሚያበዙ ወላጆች ልጁን ከራሱ ጋር የሚቀመጥበት ሰዓት ያሳጡታል አለ። ኮት የለበሱት ይጽፉ ነበር። እኔ በጭንቅላቴ ያዝኩት።

እቤት ገብቼ የሰማሁትን ስናገር ባልየው አልወደደውም። አስጠኚ ቀንስ ማለት ልጄን ተዋት ማለት ነው አለ። ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ የኬሚስትሪውን አሰናበተ፣ የፊዚክሱ ይቀጥል አለ። ልጄ ግን "እና እኔ ምን ላድርግ? ዝም ብዬ ልያት?" አለችኝ። አብዪያት፣ ትተኛ፣ ሰሃንም ታጥብ፣ ደረጃዋን አትጠይቂያት አልኳት።

"ደረጃ አትጠይቂ ብሎ የሚመክረኝ አንተ ነህ?" አለች።

እውነቷን ነው። ስለዚህ በማግስቱ የራሴን ጥፋት ላስተካክል ተነሳሁ። ካርዱን ከቁም ሳጥን አውጥቼ እንደ ድሮው በደረት ኪሴ ከተትኩት። ጆንያ ሻጩ ጋ ገባሁና ዘረጋሁለት። ከመንፈቁ ጀምሮ እጄ ላይ ነበር፣ ዋሽቼሃለሁ፣ ሠላሳ አንደኛ ናት፣ ከዛሬ ወዲያ ስንተኛ ወጣሽ ብሎ የሚጠይቃት ሰው ከኔ ጋር አይነጋገርም አልኩት። ካርዱን አየና መለሰልኝ።

"እኔ ቁርኣን ቤት ከአሥራ ሁለት ልጅ አሥራ ሁለተኛ ነበርኩ" አለ። "አሥራ ሦስተኛ ስላልነበረ ነው እንጂ እሱንም እሆን ነበር።" ሻይ አዘዘልኝ።

ክር ሻጯ "እኔስ ጠርጥሬ ነበር" አለችና ከንፈሯን መጠጠች። እሷን ተጣላኋት። ተሸካሚዎቹ ከስንት ነው ብለው ጠየቁኝ፤ ከሠላሳ ስድስት አንደኛዎች አልኳቸው። ያው ጎበዝ ናት ማለት ነው አለ አንዱ፣ ጆንያውን ትከሻው ላይ እያስተካከለ። ቀልሎኝ ተመለስኩ። ጥሩ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ልጅቱ መጣች። በዚህ ጊዜ በተራው በኩል መጣች፤ ግን ተቆጥታ ነው። ሳህኑን አኖረችው አልልም፣ ጣለችው።

"ማን ያዙሩት አለዎት?"

ውሸቴን ላስተካክል ብዬ ነው አልኩ።

"አንደኛ ስሆንም እርስዎ፣ ሠላሳ አንደኛ ስሆንም እርስዎ። ካርዱ የማን ነው?"

አያቷን እንዲህ የምትናገር ልጅ አይደለችም። ልቆጣት አሰብኩና ተውኩት። እኔ ራሴ ባልሰፋሁት ሸራ ሌላ ሰው ቢመሰገንበት ወይም ቢሰደብበት ምን እንደምል አውቃለሁ። ስምንት ዓመት ሙሉ እሷ የሠራችውን እኔ ይዤ ዞሬያለሁ፣ ሻዩንም የጠጣሁት እኔ ነኝ።

ይቅርታ የሚለውን ቃል ከአፌ ማውጣት ለኔ ከባድ ነው። ያን ቀንም አላልኩትም። ያደረግኩት ይህን ነው። ወረቀቱን ከስፌት መኪናው መሳቢያ አወጣሁ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩት፣ እሷ ቆማ ጠበቀች። ጨረስኩና ፈረምኩበት። ስሜን በሙሉ ጻፍኩ፣ የአያቴን ሳይቀር።

"ይኸው ፈርሜያለሁ። አሥራ አምስት ቀኑ ገና አልሞላም፤ ግን ያንቺ ነው። ብታስገቢው አልጠይቅሽም፣ ባታስገቢውም አልጠይቅሽም" አልኳት።

ወረቀቱን አየችው። አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ምሳዬን እስክጨርስ ጠበቀችና ሳህኑን ይዛ ሄደች።

እሑድ እንደታመመ ሰው ዋልኩ። ብታስገባው ልጄ ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ። ከትምህርት ቤቱ ብትወጣ ደግሞ ተመልሳ እንደማትገባ፣ በሷ ቦታ ሌላ ልጅ እንደሚገባ አስተማሪው ነግሮናል። ሰኞ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሆን ተነስታ ለበሰች። ተከትያት እስከ መሳለሚያ ሄድኩ፤ ዳቦ ልገዛ ነው ብዬ። ሰርቪሱ መጣ፣ ገባች። ያ ግን ምንም አያሳይም፤ ወረቀቱን ልታስገባም ይሆናል የምትሄደው። ማክሰኞም ገባች። ረቡዕም። ሐሙስ ላይ መከተሌን ተውኩ።

ስለ ወረቀቱ ለእናቷ የነገረቻት ራሷ ናት፣ ከወር በኋላ። ልጄ እኔን ሁለት ሳምንት አኮረፈችኝ። "ልጄን ልታስወጣት ነበር" አለችኝ። "ልትወጣ ነበር፤ ተቀመጠች" አልኳት። እስከ ዛሬ በዚህ አልተስማማንም። ቴሌቪዥኑ ግን ነጠላውን አወለቀ፣ ስልኩም ለእሑድ ለእሑድ ተፈቀደ። ባልየው የፊዚክሱን አስጠኚ አልቀነሰም፤ ልጅቱ ራሷ ይቆይልኝ ብላለች።

ሰኔ ላይ ካርዱ መጣ፤ ትምህርት ቤቱ ግን ክረምቱንም ያስተምራል። እናቷ አየችው፣ አባቷ አየው። እኔ አልጠየቅኩም። በማግስቱ ጆንያ ሻጩ ኪሴን ኪሴን እያየ "እህስ?" አለኝ።

"አላየሁትም።"

"ወላሂ በል።"

"አላየሁትም አልኩህ።"

አላመነኝም። አሁንም አያምነኝም። ልጅቱ ግን ቅዳሜ ምሳዬን ይዛ በተራው መሀል መጣች፤ ክር ሻጯን ሰላም አለቻት። ከጎኔ ሸራው ላይ ተቀመጠች። በዚህ ሳምንት ያልገባሽ ምንድን ነው አልኳት። ኬሚስትሪ ነው አለች፤ ሁለት ነገር ሲቀላቀል ለምን አንዳንዴ እንደሚሞቅ አንዳንዴ እንደሚቀዘቅዝ ታወራኝ ጀመር፣ መሀል ላይ ራሷ ተምታታባትና ሰኞ አስተማሪውን እጠይቃለሁ አለች። እኔም አልገባኝም። እንጀራዬን እየቆረስኩ ሰማኋት።