የምታንጎራጉረው እናት

የሺሃረግ ቦንጋ ገበያ አጠገብ ልብስ ትሰፋ ነበር። ባሏ ግዛቸው ቢታ ገነት በምትባል ከተማ የግብርና ባለሙያ ስለሆነ የሚመጣው በወር አንዴ ነው። ሌላው ጊዜ የእሷና የስድስት ዓመት ልጇ የዝማሬ ነበር። አብረው ይበላሉ፣ ተቃቅፈው ይተኛሉ። በ1998 ዓ.ም. የጓሮውን ክፍል ለመሲ እስክታከራይ ድረስ።

መሲ ከደብረ ማርቆስ ተመድባ የመጣች የሒሳብ አስተማሪ ናት። ቴሌቪዥንና ሲዲ ማጫወቻ ነበራት። የሺሃረግ መጀመሪያ ላይ ደስ ብሏት ነበር፤ እሷ የስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራ ስትውል ልጅቷ መዋያ አገኘችላት።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዝማሬ ከመሲ ክፍል ወጥታ መጣች። የሺሃረግ እንደ ልማዷ እያንጎራጎረች ኮሌታ ትሰፋለች። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ እናቷን ትክ ብላ አየቻትና ዞራ ሮጠች። የዚያን ቀን መሲ ጋ ካልተኛሁ ብላ አለቀሰች። በማግስቱም እንዲሁ። ፀጉሯንም መሲ ካልሠራችኝ አለች። የሺሃረግ ልትጎነጉናት እጇን ስትዘረጋ ራሷን አሸሸች።

የሺሃረግ ጨርቅ እየቀደደችም ጆሮዋ ጓሮ ነው። የልጇን ሳቅ ስትሰማ መቀሱን ታስቀምጣለች። «ለእኔ እንዲህ ስቃ ታውቃለች?» እያለች ታስባለች። በሳምንቱ ሸንኮራ ገዝታ መሲ በር ላይ ቆመችና ድምጿን አለስልሳ፣ «ነይ የኔ እናት፣ ነይ» ብላ ተጣራች። ዝማሬ ከውስጥ ጮኸች።

ያን ጊዜ የሺሃረግ በሩን በርግዳ ገባች።

«ልጄን ምን አድርገሻት ነው? ልጅ ካማረሽ ወልደሽ አሳድጊ!»

መሲ ፊቷ ቀላ። «እትዬ የሺ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ከጓደኞቼ ጋር ፊልም ስናይ ከኋላችን ተቀምጣ ነበር፤ ልብ አላልኳትም። የሚያስፈራ ፊልም ነው፤ ስለ እናትና ልጅ።»

«አሁኑኑ አሳዪኝ!»

ዝማሬን ጎረቤት ሰደዷትና ጎን ለጎን ተቀመጡ። መሲ እየተረጎመችላት አየች። አንድ ጭራቅ የልጅቷን እናት ይበላና መልኳን ይወስዳል። ቀሚሷን ይለብሳል፣ ወጥ ይሠራል። የሚያስታውቀው አንድ ነገር ነው፦ ሥራ ሲይዝ ያንጎራጉራል። ልጅቷ ጎረቤት ሸሽታ ስትደበቅ ጭራቁ በር ላይ ቆሞ፣ ድምፁን አለስልሶ ይጣራል።

የሺሃረግ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ጭራቁ አላስፈራትም። በር ላይ ቆሞ የሚጣራውን ግን አወቀችው፤ ራሷ ነበረች።

ዝማሬ ስትመለስ አልተጠጋቻትም፤ የመሲን ቀሚስ ይዛ ቆመች። መሲ ጎንበስ ብላ፣ «እውነተኛዋ እናትሽ መሆኗን እኮ ጠይቀሽ ማወቅ ትችያለሽ» አለቻት።

ልጅቷ አሰበች። «ማንኪራ ስንሄድ አክስቴ ቤት ምን ነደፈኝ?»

«ንብ።»

«የት ላይ?»

«ከጆሮሽ ኋላ፣ በግራ በኩል። መንደፊያውን ያወጣሁልሽ እኔ ነኝ። ነክሰሽኝማ ነበር።»

ዝማሬ ቀስ ብላ መጣችና ጉልበቷ ላይ ተደፋች። የሺሃረግ ልጇን አቅፋ መሲን ቀና ብላ አየቻት። መሲ ስለ ንቡ አታውቅም ነበር። የሺሃረግ በዚህ ደስ አላት፤ ደስ ማለቷም አሳፈራት። ያም ሆኖ ለዚያ ክፉ ቃሏ ይቅርታ ጠየቀች። መሲም፣ «ኧረ ምንም አይደል» አለች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

በዓመቱ መሲ ደካ ወደሚገኝ ትምህርት ቤት ተዛወረች። የሺሃረግ ጉርድ ቀሚስ ሰፍታ ሰጠቻት፤ ዕቃዋንም እስከ መናኸሪያ ተሸክማ ሸኘቻት። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ትከሻዋ ቀለል አላት።

ዝማሬ ግን ሦስት ቀን ሙሉ አለቀሰች። እህል አልበላም አለች። የሺሃረግ አጠገቧ ተቀምጣ ጀርባዋን እያሻሸች ታባብላት ነበር። በልቧ ግን እንባውን ትመዝን ነበር፤ እኔስ ብሄድ ይህን ያህል ታለቅስልኝ ይሆን እያለች።